የጋሪ ክላርክ ጁኒየር "ብላክ ኤንድ ብሉ"፦ አንድ ጊታር፣ 13 ዘፈን፣ ብዙ ጌታ

በ2007 በወጣው የጆን ሴይልስ ፊልም "ሃኒድሪፐር" ውስጥ ሊዘጋ የደረሰ አንድ የሙዚቃ ቤት አለ። አገሩ አላባማ፣ ዘመኑ 1950 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተዋናዩ ዳኒ ግሎቨር የሚጫወተው የቤቱ ባለቤት ከዕዳው ለመውጣት አንድ ዝነኛ ጊታር ተጫዋች ያስጠራል። ቀኑ ይደርሳል፣ ዝነኛው ግን ይቀራል። በእጁ ላይ ያለው አማራጭ፣ ራሱ የሠራትን የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ከተማዋ የገባ አንድ መንገደኛ ወጣት ብቻ ነው። በዝነኛው ቦታ እሱን ያቆመዋል። ወጣቱን ሆኖ የተወነው ያኔ ከኦስቲን ከተማ ውጭ ብዙ ሰው የማያውቀው ጋሪ ክላርክ ጁኒየር ነበር።

አምስት ዓመት አልፎ ይኸው ሰው በገዛ ሕይወቱ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። የኦስቲኑ የብሉዝ (በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች የፈጠሩት ሙዚቃ) ጊታር ጀግና ስቲቪ ሬይ ቮን ከሞተ 22 ዓመት ሆኖታል። ከብሉዝ አንጋፋዎች ቢቢ ኪንግ 87 ዓመት ሞልቶታል፣ በዲ ጋይ የሰባዎቹን አጋማሽ አልፏል። የብሉዝ ወዳጅ ሁሉ ቀጣዩን ሰው ይጠብቅ ነበር፤ ጋዜጠኞችም "የብሉዝ አዳኝ" የሚል ስም ለማደል ተዘጋጅተው ነበር። በኦክቶበር 2012 የ28 ዓመቱ ክላርክ በዋርነር ብራዘርስ በኩል "ብላክ ኤንድ ብሉ"ን አወጣ። በትልቅ አሳታሚ ያወጣው የመጀመሪያ ሙሉ የስቱዲዮ አልበሙ ነው። ብሉዝ ብቻ የጠበቀ ሰው ግን ሶሉን፣ ሮኩን፣ ሂፕሆፑን፣ የ1950ዎቹን ሮክ ኤንድ ሮል በአንድ ላይ ተቀበለ።

ይህን አልበም ደጋግሜ እንድሰማው ያደረገኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሦስት አራት ዓይነት ሙዚቃ ጎን ለጎን መደርደርና ሦስት አራት ዓይነት ሙዚቃ ማዋሐድ ይለያያሉ። "ብላክ ኤንድ ብሉ" ሁለቱንም ይዟል። የት ላይ እንደተዋሐደ፣ የት ላይ እንደተደረደረ ጆሮ ይለየዋል፤ ምክንያቱንም ከአሠራሩ ታሪክ ውስጥ ማግኘት ይቻላል።

የአንቶንስ ልጅ

ክላርክ በፌብሩዋሪ 1984 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ተወለደ። ጊታር ያነሣው በ12 ዓመቱ ነው። ኦስቲን ለብሉዝ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት "አንቶንስ" የሚባለውን የምሽት ክበብ ማወቅ ይበቃል። ክሊፎርድ አንቶን በ1975 ከፈተው፤ እንደ መዲ ዋተርስ ያሉ የብሉዝ አንጋፋዎችን ከቺካጎ እያስመጣ ያስጫውት ነበር። ጂሚ ቮንና ታናሽ ወንድሙ ስቲቪ ሬይ እጃቸውን ያፍታቱት እዚያ ነው። ስቲቪ ሬይ በ1990 በሄሊኮፕተር አደጋ በ35 ዓመቱ ሲሞት ከተማዋ ልጇን እንዳጣች እናት ሆነች፤ ዛሬም ሐውልቱ በሐይቁ ዳር ቆሟል።

ክላርክ ገና ጎረምሳ ሳለ ክሊፎርድ አንቶን ወደ ክበቡ አስገባው፣ ጂሚ ቮንም መድረኩን አካፈለው። በሜይ 3 ቀን 2001 የኦስቲን ከንቲባ ቀኑን "የጋሪ ክላርክ ጁኒየር ቀን" ብሎ አወጀ። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። ክብሩ ትልቅ ነው፤ እኔ ግን ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ሸክሙ ነው። አንድ ከተማ የሞተውን ጀግናዋን በአንድ ተማሪ ትከሻ ላይ ስታስቀምጥ፣ ተማሪው ሌላ ነገር መውደድ ቢፈልግ ምን ይሆናል?

ይወድም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ዙሪያው ሂፕሆፕና አር ኤንድ ቢ ነው። ክላርክ ቀን ከእኩዮቹ ጋር ያንን እየሰማ፣ ማታ ከአባቶቹ እኩዮች ጋር ብሉዝ እየተጫወተ አደገ። ከዋርነር በፊት በ2004 "110"፣ በ2008 "ዎሪ ኖ ሞር" የሚሉ ሁለት አልበሞችን በራሱ መንገድ አውጥቷል፤ ከቴክሳስ ብዙም አልራቁም።

በሩ የተከፈተው በጁን 2010 ነው። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ቺካጎ አጠገብ ባዘጋጀው የክሮስሮድስ ጊታር ፌስቲቫል ላይ፣ ስማቸው በዓለም የታወቀ ጊታሪስቶች በተሰለፉበት መድረክ፣ ብዙው ታዳሚ የማያውቀው ቀጭን ረጅም ልጅ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዋርነር ብራዘርስ አስፈረመው። በ2011 "ዘ ብራይት ላይትስ" የተባለች ባለአራት ዘፈን ዲስክ ወጣች። በፌብሩዋሪ 2012 ደግሞ በኋይት ሐውስ በተዘጋጀ የብሉዝ ምሽት ላይ በዲ ጋይ፣ ቢቢ ኪንግ፣ ጄፍ ቤክና ሚክ ጃገር ባሉበት ተጫወተ። አልበሙ ሊወጣ ስምንት ወር ሲቀረው ማለት ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ የገቡት ሦስቱ

አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረጉት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ማይክ ኤሊዞንዶ፣ ሮብ ካቫሎና ራሱ ክላርክ።

የሁለቱን ሰዎች ታሪክ ማየት ብዙ ነገር ይገልጣል። ኤሊዞንዶ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ ለዓመታት ከሂፕሆፕ ፕሮዲውሰሩ ከዶክተር ድሬ ጋር ሠርቷል፣ ራፐሩን ፊፍቲ ሴንትን ከዳር እስከ ዳር ያስታወቀውን የ2003 ዘፈን ከጻፉት አንዱ ነው። የሂፕሆፕን ድራም እንዴት ማስቀመጥ እንዳለበት በደንብ ያውቃል። ካቫሎ የሮክ ባንዱን የግሪን ዴይን "ዱኪ" በ1994፣ "አሜሪካን ኢዲየት"ን በ2004 የሠራ ሰው ነው፤ ጊታርን እንደ ግድግዳ ማቆም ይችልበታል። በዚያ ላይ በወቅቱ የአሳታሚው የዋርነር ብራዘርስ ሬከርድስ ሊቀመንበር ራሱ ካቫሎ ነበር። አለቃው ራሱ መቅረጫ ክፍል ገብቷል ማለት ነው።

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይባል የለ? የአልበሙ ዝርዝር ሲታይ ይህ አሳብ እንደነበረ ይሰማኛል። ለሮክ ሬዲዮ የሚሆን አለ፣ ለአር ኤንድ ቢ አድማጭ የሚሆን አለ፣ ለንጹሕ ብሉዝ ወዳጅም በመጨረሻ የተቀመጠ አለ። ክላርክ ራሱም ይህን ሁሉ ይወድ ስለነበር ጥፋቱን በአሳታሚው ላይ ብቻ መጣል ልክ አይሆንም።

ሁለት ጊዜ የተቀረጹት ዘፈኖች

ለዚህ ጉዳይ ትልቁን ማስረጃ የሚሰጡን ሁለት ዘፈኖች ናቸው፤ "ዌን ማይ ትሬይን ፑልስ ኢን" እና "ቲንግስ አር ቼንጂን"። ሁለቱም በ2011ዱ ዲስክ ላይ አሉ፤ ክላርክ ብቻውን፣ በአንድ ጊታር፣ በሰው ፊት ሲጫወታቸው። በ2012 እነዚያው ዘፈኖች ከነሙሉ ባንዳቸው ስቱዲዮ ገቡ። ዘፋኙ ያው፣ ዜማው ያው፣ ግጥሙ ያው፤ የተለወጠው ቅንብሩ ነው። እንዲህ ያለ ንጽጽር በሙዚቃ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም።

መጀመሪያ ባቡሩን እንስማ። በብሉዝ ውስጥ ባቡር ተራ ማጓጓዣ አይደለም። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ተነቅለው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ሄደዋል፤ ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ የወጣው ብዙው ሕዝብ በባቡር ነው የተጓዘው። ስለዚህ አንድ ብሉዝ ዘፋኝ "ባቡሬ ሲመጣ እሄዳለሁ" ሲል ከኋላው የአያቶቹ ስንቅና ሻንጣ አለ። ክላርክ ዘፈኑን የሚጀምረው በዚህ ከተማ መኖር የመረረው ሰው ሆኖ ነው።

ብቻውን በተጫወተው ቅጂ አውራ ጣቱ የወፍራሙን ክር ምት ይይዛል፣ ቀሪዎቹ ጣቶች በላዩ ላይ ይመልሳሉ፤ የሚሰማው አንድ ሰው ጣቢያ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነው። በአልበሙ ላይ ድራሙና ቤዙ ሲገቡ ያው መጠበቅ ይከብዳል። ዘፈኑ ወደ ስምንት ደቂቃ ይጠጋል፤ ጊዜውን የሚበላው የጊታሩ ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ፊት ወጥቶ የሚናገርበት ክፍል) ነው። ሶሎው ሲጀምር ክላርክ አይቸኩልም። አንዲት ድምፅ ይመታና ክሩን ወደ ላይ ገፍቶ ከፍ ያደርጋታል፣ እዚያው ያቆያታል፣ ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል፣ ይመለስባታል። ከዚያ ፈዝ የሚባለው ፔዳል ሲረገጥ ድምፁ እንደሚቀደድ አቡጀዲ ይሆናል። ይህ ሮክ ነው፣ የታላቁ የሮክ ጊታሪስት የጂሚ ሄንድሪክስ ልጅ ነው። ግን ከሥሩ ያለው ዜማ ያው የጣቢያው ሰው ነው፤ ብሉዙ አልሸሸም። እዚህ ላይ ሁለቱ ሙዚቃዎች በእርግጥ ተዋሕደዋል።

የብሉዝ ጊታር ሶሎ ለኛ ጆሮ ባዕድ የማይሆንበት ምክንያት ስላለ ጥቂት ልውጣ። ብሉዝ አብዝቶ የሚመላለስበት ባለአምስት ድምፅ ስኬል በኛ ቤት ባቲ ማይነር ከሚባለው ቅኝት ጋር ድምፆቹ አንድ ናቸው። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። የብሉዝ ተጫዋች ሦስተኛውን ድምፅ በክሩ ገፍቶ በማይነርና በሜጀር መሃል ያንጠለጥላታል፤ የኛ ክራር ደርዳሪ ግን ድምፁን ቦታው ላይ አስቀምጦ በአጣጣሉና በምቱ ይናገራል። ክላርክ ክሩን ሲገፋ ልብ ብሎ የሰማ ሰው ያችን መሃል ላይ የተንጠለጠለች ድምፅ ያገኛታል።

"ቲንግስ አር ቼንጂን" የተለየ መንገድ ሄደ። ብቻውን ሲጫወተው ፍቅር ሲያልቅ የሚያይ ሰው ብሉዝ ነው። በአልበሙ ላይ ወደ ሶል ተለወጠ፤ ድራሙ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፣ ጊታሩ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ድምፁን ያስቀድማል። ቅንብሩ የሜምፊስን የ1960ዎቹ ስቱዲዮዎች ያስታውሳል። ለእኔ ይህም ሠርቷል፤ ምክንያቱም ዘፈኑ ከመጀመሪያውም የድምፅ ዘፈን ነበር።

ባዶ ሆድ ያላት ጊታር

የአልበሙን ድምፅ አንድ የሚያደርገው ነገር ካለ ኤፒፎን ካሲኖ የተባለችው ጊታር ናት። ካሲኖ በ1961 ወጣች፤ በ1960ዎቹ የቢትልስ ሦስቱም ጊታር ተጫዋቾች ይዘዋታል። ብዙ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ድፍን እንጨት ናቸው ወይም ሆዳቸው መሃል ግንድ አላቸው። ካሲኖ ግን እንደ ክራራችን ውስጧ ፍጹም ባዶ ነው።

ይህ ሲጫወቱት ምን ያመጣል? ጊታሯ ከፍ ባለ አምፕሊፋየር ፊት ስትቆም ከአምፑ የወጣው ድምፅ ወደ ሆዷ ይገባና እንጨቱን ያንቀጠቅጠዋል። እንጨቱ ክሩን ያንቀጠቅጣል፣ ክሩ በማግኔቱ በኩል ተመልሶ አምፑ ውስጥ ይገባል። ዙሩ ከተዘጋ ማንም ሳይነካው የሚያፏጭ፣ የሚያለቅስ ድምፅ ይወጣል። ሌላው ሙዚቀኛ በዚህ ምክንያት ካሲኖን ለከባድ ሮክ አይመርጣትም፤ መቆጣጠር ያስቸግራል። ክላርክ ፈዝ ጨምሮባት ያንን አስቸጋሪ ጩኸት የንግግሩ ክፍል አደረገው። ከአምፑ ጋር ያለውን ርቀት በአንድ እርምጃ ሲለውጥ ጩኸቱ ይለወጣል። ኤፒፎን በኋላ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም የተቀባች ካሲኖ ሠርቶ በአልበሙ ስም ጠራት።

"ነም" የተባለውን ዘፈን የሰማ ሰው ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያገኘዋል። ከአልበሙ ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። ጊታሩ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ያወጣል፣ ዘፈኑ ግን ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው። የሚሲሲፒ ብሉዝ አንድ ሐረግ ይዞ የመዞር ጠባይ አለው፤ ክላርክ ያንን ጠባይ ወስዶ የሮክ ክብደት ጭኖበታል።

ሽልማቱ የሄደበት

"ፕሊዝ ካም ሆም" ሌላኛው ጫፍ ነው። ክላርክ እዚህ በደረቱ አይዘፍንም፤ በቀጭኑ፣ በፋልሴቶው ነው። ምቱ ሦስት ሦስት እየተቆጠረ ይወዛወዛል፤ በ1950ዎቹ በየመንገድ ማዕዘኑ ተሰብስበው ይዘፍኑ የነበሩ የጥቁር ወጣቶች ቡድኖች አካሄድ ነው። ቺክቺካ ላይ ላደገ ጆሮ ሦስት ሦስት መቁጠር አይቸግርም፤ ይህኛው ግን በጣም ዝግ ያለ ነው። ዘፋኙ ሄዳ የቀረችውን ሴት ተመለሺ እያለ ይለምናል። ልመናው በድምፅ አልበቃ ሲለው ጊታሩ ይረከበዋል፤ ፈዙ እንዳለ፣ ሻካራነቱ እንዳለ። ጨዋ የሶል አቀናባሪ ቢሆን እዚያ ቦታ ላይ ቫዮሊን ያስገባ ነበር። ከለስላሳው ድምፅ ቀጥሎ ሻካራው ጊታር ሲመጣ ያው ሰው የሚያለቅስበትን ጉሮሮ እንደቀየረ ነው የሚሰማው። ከአልበሙ አንድ ዘፈን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

በጃንዋሪ 2014 "ፕሊዝ ካም ሆም" በባህላዊ አር ኤንድ ቢ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ። "የብሉዝ አዳኝ" የተባለው ሰው የመጀመሪያ ግራሚው በሶል ዘፈን መጣ።

የተደረደረው ክፍል

"ዘ ላይፍ" ላይ ስደርስ ግን የምከተለው ክር ይበጠሳል። የሂፕሆፕ ድራም አለ፣ የአር ኤንድ ቢ መዘመሪያ አለ፣ ክላርክም በደንብ ይዘፍናል። የጠፋው ጊታሩ ነው፤ ጊታሩ ብቻም ሳይሆን ያ ሻካራነት። ዘፈኑን በወቅቱ ከነበሩ ሌሎች ድምፃውያን አንዱ ቢዘፍነው ልዩነት ማምጣቱን እጠራጠራለሁ። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው "ብላክ ኤንድ ብሉ"ም በዚያው መንገድ ያለ ነው፤ ግጥሙ የተሻለ ክብደት ስላለው ይድናል።

"ትራቪስ ካውንቲ" የቸክ ቤሪን ዘመን የሚያስታውስ ፈጣን ሮክ ኤንድ ሮል ነው፤ ኦስቲን ባለችበት ካውንቲ ከፖሊስ ጋር መጋጨትን ይተርካል። ያዝናናል፣ ያልፋል። የሄንድሪክስን የ1967 "ተርድ ስቶን ፍሮም ዘ ሰን" ከአንድ የቆየ ብሉዝ ጋር ያጣመረው ዘጠኝ ደቂቃ የሚያልፍ ትራክ ለጊታር ወዳጅ ድግስ ነው፤ ለሌላው ሊረዝም ይችላል። የመጨረሻው "ኔክስት ዶር ኔበር ብሉዝ" ደግሞ ሆን ተብሎ አርጅቶ የተቀረጸ ነው፤ ጣት ላይ በሚጠለቅ ሲሊንደር ክሩን እያንሸራተተ፣ የጎጆ በረንዳ ላይ ያለ ያህል ይጫወታል።

ብዙ ሐያስያን ያኔ የጻፉት ቅሬታም ይኸው ነበር፤ አልበሙ በየአቅጣጫው ይሄዳል፣ ስቱዲዮው አብዝቶ አለስልሶታል የሚል። በግማሹ እስማማለሁ። አልበሙ በየአቅጣጫው መሄዱ አያስቀይመኝም፤ ያደገበት ሕይወት እንደዚያ ነው። ችግሩ አንዳንዱ አቅጣጫ ላይ ክላርክ ጊታሩን ቤት ጥሎ መሄዱ ነው። አድማጩ ግን አልተከፋም፤ አልበሙ በቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ለብሉዝ ጊታሪስት ይህ ተራ ነገር አይደለም።

መድረኩ ያረመው

በ2014 "ጋሪ ክላርክ ጁኒየር ላይቭ" የተባለ ባለሁለት ዲስክ የመድረክ ቅጂ ወጣ። የ"ብላክ ኤንድ ብሉ" ዘፈኖች አብዛኞቹ እዚያ አሉ፤ "ነም"፣ "ትራቪስ ካውንቲ"፣ "ፕሊዝ ካም ሆም"፣ የአልበሙ መጠሪያም ጭምር። "ዘ ላይፍ" የለም። በምትኩ ቢቢ ኪንግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያስታወቀው "ስሪ ኦክሎክ ብሉዝ" ገብቷል። ስቱዲዮ ውስጥ በሁለት ባላ የቆመው ነገር መድረክ ላይ በአንድ ባንድ፣ በአንድ ጊታር፣ በአንድ ምሽት ሲሞከር የቻለው ቆየ፣ ያልቻለው ወደቀ።

ቀጣዩን የስቱዲዮ አልበም በ2015 ሲያወጣ ወደ ኦስቲን ተመልሶ በአርሊን ስቱዲዮ ቀረጸው። በ2019 የወጣው "ዚስ ላንድ"ም በዚያው ከተማ ነው የተሠራው። የዚህኛው መጠሪያ ዘፈን መነሻ፣ ኦስቲን አቅራቢያ ያለው ሰፊ ግቢ የክላርክ መሆኑን ማመን ያቃተው ጎረቤት ያመጣበት ገጠመኝ ነው። የሬጌ አካሄድ፣ የሂፕሆፕ ክብደት ያለው ድራምና የሚያፏጭ ጊታር ሦስቱም በአንድ ዘፈን ውስጥ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱን ብታወጣ ቁጣው ይጎድላል። በጃንዋሪ 2020 ዘፈኑ በሮክ ዘርፍ ሁለት ግራሚ ወሰደ፤ አልበሙ ደግሞ በዘመናዊ ብሉዝ ዘርፍ ሦስተኛውን።

ይህን ሙዚቀኛ ገና ለሚጀምር አድማጭ ባቡሩን በሦስቱም ቅጂ ተከታትሎ እንዲሰማ እመክራለሁ፤ የ2011ዱን ብቻውን፣ የ2012ቱን ስቱዲዮ፣ የ2014ቱን መድረክ። በመጀመሪያው ሰውየው ጣቢያው ላይ ተቀምጧል። በመጨረሻው ቅጂ ሶሎው ሲጋጋል ሕዝቡ ሲጮህ ይሰማል፣ ጊታሩም መልሶ ይጮህበታል።